የፎቶግራፍ ጠርዝ፦ ከገለምሶ ፎቶ ቤት እስከ ቡና ማሳ

በገለምሶ፣ በጭሮ፣ በበዴሳና በሌሎችም የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ፎቶ ቤቶች ዛሬ ከሚሠራው ሥራ ብዙው የሚከናወነው ካሜራው ከተቀመጠ በኋላ በኮምፒውተር ፊት ነው። ለሥራ ማመልከቻ ጉርድ ፎቶግራፍ የሚፈልገው ደንበኛ ጀርባው ነጭ እንዲሆንለት ይጠይቃል፤ ሙሽሮች ግቢ ውስጥ የተነሱት ፎቶ ፏፏቴ ሥር የተነሱት እንዲመስል ያዝዛሉ፤ የሟች አባቱን ምስል ከድሮ የቡድን ፎቶ አውጥቶ ለብቻው በትልቁ ማሳተም የሚፈልግ አለ፤ ቡና የሚነግደውም ለባነር ወይም ለማሸጊያ የሚሆን የፍሬ ምስል ካለበት ዛፍ ተለይቶ እንዲወጣለት ይሻል። ትእዛዙ ይለያይ እንጂ መነሻው አንድ ነው፤ በፎቶው ውስጥ ያለውን ሰው ወይም ዕቃ ዙሪያውን ተከትሎ ከጀርባው መለየት ሲሆን፣ በሙያው ያሉ ሰዎች በአጭሩ «መቁረጥ» ይሉታል። ከውጭ ለሚያየው መስመር የማስመር ያህል ቀላል የሚመስለው ይህ ሥራ አስቸጋሪ የሚሆነው ፎቶግራፍ በራሱ ጠርዝ የሚባል ነገር ስለማይዝ ነው። ፎቶው የሚይዘው የብርሃንና የቀለም ልዩነት ብቻ ነው፤ ከዚያ ልዩነት ውስጥ የትኛው የትከሻ ዳር፣ የትኛው ግድግዳ ላይ ያረፈ ጥላ እንደሆነ ግን አንድ ሰው መወሰን አለበት።

ሰውን ከጀርባው መለየት ከኮምፒውተር በፊትም የፎቶ ቤቶች ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ በሆነው በአርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ሙያውንም በወረሱት በልጆቹ ዘመን፣ ጀርባ የሚመረጠው ከመነሳት በፊት ነበር፤ ግድግዳ ላይ መጋረጃ ይዘረጋል፣ መጋረጃው ላይም ዓምድ፣ ደረጃ ወይም የአትክልት ስፍራ በእጅ ይሳላል። ከተነሱ በኋላ ጀርባን ማጥፋት የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ባለሙያው በኔጌቲቩ ላይ ብርሃን የማያሳልፍ ቀለም በቀጭን ብሩሽ በሰውየው ዙሪያ ይቀባል፤ ብርሃን ያልደረሰበት የወረቀት ክፍል ነጭ ሆኖ ስለሚቀር ሰውየው በነጭ መደብ ላይ ብቻውን ቆሞ ይወጣል። ዛሬ በሶፍትዌር «ማስክ» የሚባለው መሸፈኛ፣ ማለትም የምስሉ የትኛው ክፍል እንደሚታይና የትኛው እንደሚደበቅ የሚወስነው ንብርብር፣ የዚያ የተቀባ ኔጌቲቭ የቅርብ ዘመድ ነው። ልዩነቱ ዋጋ ያለው ነው፤ በኔጌቲቭ ላይ የሳተ ብሩሽ ፎቶውን ሊያበላሸው ይችል ነበር፣ ማስክ ግን ከሥሩ ያለውን ፎቶ ሳይነካ ይሸፍናል፣ ሲፈለግም ይነሳል።

ዲጂታል ፎቶ ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሞላ ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃንን መጠን የሚገልጹ ሦስት ቁጥሮችን ይይዛል፤ በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ሲሆን፣ ሦስቱም 0 ከሆኑ ጥቁር፣ ሦስቱም 255 ከሆኑ ነጭ ይታያል። ቁመቱም ወርዱም 600 ፒክስል የሆነ ጉርድ ፎቶግራፍ 360,000 ፒክስሎች፣ በቁጥር ሲተነተንም 1,080,000 ቁጥሮች አሉት፤ ከእነዚህ ሁሉ መካከል ጆሮ የት ላይ እንዳበቃ የሚናገር አንድም የለም። ኮምፒውተሩ ማድረግ የሚችለው ጎረቤት የሆኑ ቁጥሮችን እያነጻጸረ ልዩነቱ በድንገት የሚሰፋበትን ቦታ መፈለግ ነው። ላሪ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ የዚህ ዓይነት ስሌት ተጠቅሞ ነበር፤ እስከ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት የሚጠቀሰውን ዘዴ ግን ጆን ካኒ በ1986 አሳተመ። የካኒ ዘዴ በመጀመሪያ ምስሉን በጥቂቱ አለስልሶ የካሜራውን ብናኝ ያጠፋል፣ ቀጥሎ የብርሃኑ ለውጥ ምን ያህልና ወደ የት እንደሚያመራ ያሰላል፣ ወፍራሙን ለውጥ ወደ ቀጭን መስመር ያጠባል፣ በመጨረሻም ጠንካራዎቹን መስመሮች ይዞ ደካሞቹን ከጠንካራዎቹ ጋር ከተገናኙ ብቻ ያስቀራል። ይህ ዘዴ በአንድ የቡና ዛፍ ፎቶ ላይ ቢሠራ የሚገኘው ውጤት የዛፉ ዙሪያ ብቻ አይሆንም። የየቅጠሉ ዳር፣ ቅጠሉ ላይ ፀሐይ ያበራችበት ነጭ ሰረዝ፣ የቅጠል ጥላ በቅጠል ላይ፣ የቀላው ፍሬና ያልቀላው ፍሬ የተገናኙበት ቦታ ሁሉ በእኩል ሥልጣን መስመር ሆኖ ይወጣል። ማሽኑ ለውጥን አግኝቷል፤ ዛፉን ግን አላወቀም።

ፎቶ ቤቶች የሚጠቀሙባቸው የምስል ማስተካከያ ፕሮግራሞች ይህን ጉድለት ለመሙላት ሰውንና ስሌትን በተለያየ መጠን ያቀናጃሉ። ከእነዚህ መካከል ታዋቂው ፎቶሾፕ ሲሆን፣ ወንድማማቾቹ ቶማስና ጆን ኖል በ1987 ጀምረውት አዶቢ ኩባንያ በ1990 ለገበያ አቅርቦታል፤ ሁለት የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመሩት ጂምፕ ደግሞ ያለ ክፍያ የሚገኝ ሆኖ ሳለ በአገራችን ፎቶ ቤቶች የሚገባውን ያህል ትኩረት አላገኘም። ሁለቱም በቀለም የሚመርጥ መሣሪያ አላቸው፤ በፎቶሾፕ «ማጂክ ዋንድ» የሚባለው ይህ መሣሪያ አንድ ቦታ ሲጫኑት ከዚያ ቦታ ቀለም ጋር የሚቀራረቡትን አጎራባች ፒክስሎች በሙሉ ይመርጣል። ምን ያህል መቀራረብ እንደሚበቃ የሚወስን ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ 32 ከሆነና የተጫኑት ፒክስል መጠን 180 ከሆነ ከ148 እስከ 212 ያሉት ይያዛሉ። አንድ ወጥ ቀለም ለተቀባ ግድግዳ ይበቃል፤ ግድግዳው በአንድ በኩል ከመስኮት ብርሃን ሲያገኝ በሌላው በኩል ሲጨልም ግን ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ሰውየውን ይበላል፣ ዝቅ ማድረግ ደግሞ ግድግዳውን በጉራማይሌ ያስቀራል።

ከዚህ የሚሻለው ሰውና ማሽን ሥራ የሚከፋፈሉበት ዘዴ ነው። ኤሪክ ሞርተንሰንና ዊሊያም ባሬት የተባሉ የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1995 ያስተዋወቁት፣ በ1998 ደግሞ ተመሳሳዩ በፎቶሾፕ ውስጥ «ማግኔቲክ ላሶ» ተብሎ የገባው አሠራር፣ ባለሙያው በዕቃው ዙሪያ አይጡን በግርድፉ ሲያንቀሳቅስ መስመሩ ራሱ ወደ ጠርዙ እንዲሳብ ያደርጋል። ከጀርባው ያለው ስሌት የአጭር መንገድ ፍለጋ ነው፤ ከጭሮ ተነስቶ ገለምሶ ለመድረስ የሚያስብ ሾፌር በርቀት አጭር ከሆነው ገደላማ ይልቅ በበዴሳ በኩል የሚያልፈውን መኪና መንገድ እንደሚመርጥ ሁሉ፣ ፕሮግራሙም በፒክስሎች መካከል ሲጓዝ የቀለም ለውጥ ያለበትን ቦታ ርካሽ፣ ለውጥ የሌለበትን ቦታ ውድ አድርጎ ይቆጥራልና መስመሩ ጠርዙን ተከትሎ ይሄዳል። የዚህ ፍለጋ ስሌት መሠረት የሆላንዱ የሒሳብ ሊቅ ኤድስኸር ዳይክስትራ በ1959 ያሳተመው ነው። ችግር የሚገጥመው ከሚፈለገው ጠርዝ አጠገብ የበለጠ የሚጎላ ሌላ ጠርዝ ሲኖር ነው፤ ጥቁር ኮት ለብሶ ጥቁር በር ፊት የቆመን ሰው በዚህ መሣሪያ ለመቁረጥ ሲሞከር መስመሩ ደብዛዛውን የኮት ትከሻ ትቶ ወደ ነጩ የሸሚዝ ኮሌታ ይሸሻል። ያኔ ባለሙያው በየጥቂቱ እየተጫነ ነጥብ በመትከል መስመሩን በግድ ይመልሰዋል።

ጠንካራና ጥርት ያለ ጠርዝ ላለው ነገር፣ ለምሳሌ ለመኪና፣ ለጀበና፣ ለኮት ትከሻ፣ እስካሁን ተወዳዳሪ ያልተገኘለት መሣሪያ ፔን ቱል ነው። ይህ መሣሪያ ጠርዝ አይፈልግም፤ ሙሉ በሙሉ ለእጅና ለዓይን የተተወ ነው። ባለሙያው ምስሉን ሁለት ሦስት እጥፍ አጉልቶ በጠርዙ ላይ ነጥብ ይተክላል፣ ከነጥቡ በግራና በቀኝ የሚወጡትን እጀታዎች እየሳበ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን መስመር ያጎብጣል። የሚገኘው ኩርባ የቤዚየ ኩርባ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በሬኖ የመኪና ፋብሪካ ይሠራ ከነበረው መሐንዲስ ከፒየር ቤዚየ ነው፤ በተፎካካሪው በሲትሮኤን የነበረው ፖል ደ ካስቴልዦ ግን በ1959 እዚያው ሒሳብ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፋብሪካው ሥራውን በምሥጢር ስለያዘው ስሙ ለሌላው ተረፈ። ሁለቱም የፈለጉት የመኪና አካልን ኩርባ በጥቂት ቁጥሮች መግለጽ ነበር፤ አንድ ኩርባ የሚያስፈልገው አራት ነጥቦች ብቻ ናቸው፣ ሁለቱ መነሻና መድረሻ፣ ሁለቱ የእጀታዎቹ ጫፎች። በዚህ ሥራ ላይ ጀማሪን ከሠለጠነው የሚለየው የሚተክለው ነጥብ ብዛት ነው። ጀማሪው ትከሻን በሠላሳ ነጥብ ሲከተል ጠርዙ በመጋዝ የተቆረጠ ይመስላል፤ የሠለጠነው አቅጣጫው በሚለወጥበት ቦታ ብቻ፣ በአንገት ሥር፣ በትከሻ ጫፍና በክንድ መነሻ ላይ ነጥብ ተክሎ ቀሪውን ለኩርባው ይተዋል። መስመሩን ከእውነተኛው ጠርዝ አንድ ፒክስል ያህል ወደ ውስጥ ማስገባትም ልማድ ነው፤ በዳር ያለው ፒክስል የጀርባውን ቀለም ስለሚቀላቅል እሱን መተው ፎቶውን ያነጻዋል።

የዳር ፒክስል ለምን እንደሚቀላቀል መረዳት የዚህን ሙያ ከባድ ክፍል፣ ጸጉርንና ስስ ጨርቅን፣ ለመረዳት ይጠቅማል። አንድ ፒክስል አንድ ቀለም ብቻ ይይዛል፤ ፊቱ ያለው ነገር ግን ከፒክስሉ የሚያንስ ሊሆን ይችላል። ከጎፈሬ ዳር ወጣ ያለች አንዲት ጸጉር የፒክስሉን ሠላሳ በመቶ ብትሸፍንና የጸጉሩ የብርሃን መጠን 40፣ የኋላው ግድግዳ ደግሞ 200 ቢሆን፣ በፒክስሉ የሚመዘገበው ቁጥር ከ40 ሠላሳ በመቶው 12፣ ከ200 ሰባ በመቶው 140፣ በድምሩ 152 ይሆናል። ይህ ቁጥር ጸጉሩንም ግድግዳውንም አይገልጽም። ፒክስሉን በሙሉ «ጸጉር ነው» ብሎ መውሰድ የግድግዳውን ቀለም ወደ አዲሱ ጀርባ ይዞ መሄድ ነው፤ ግድግዳው አረንጓዴ ከነበረ በሙሽራዋ ራስ ዙሪያ አረንጓዴ ጭላንጭል ይታያል። «ጀርባ ነው» ብሎ መጣል ደግሞ ጸጉሩን በምላጭ የተላጨ ያስመስለዋል። ትክክለኛው መልስ ለፒክስሉ ሠላሳ በመቶ የሚል ቁጥር መስጠት፣ የጸጉሩን 40 ብቻ ለይቶ አዲሱን ጀርባ ሰባ በመቶ ከሥሩ ማስገባት ነው፤ በነጭ ላይ ሲቀመጥ 12 ሲደመር ከ255 ሰባ በመቶው፣ ማለትም 190 ገደማ ይሆናል። ይህ የመሸፈን መጠን አልፋ ይባላል፤ በ1970ዎቹ ማብቂያ ኤድ ካትመልና አልቪ ሬይ ስሚዝ ያስገቡት ሐሳብ ሲሆን፣ ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ በ1984 የምስሎችን መደራረብ ሒሳብ በእሱ ላይ መሠረቱት።

በፎቶ ቤት ይህ ሒሳብ በእጅ አይሠራም፤ የሚሠራው ቻናል በሚባሉት ሦስት የቀለም ንብርብሮች በኩል ነው። ባለሙያው ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን በየተራ ከፍቶ ጸጉሩ ከጀርባው ጋር በጣም የሚራራቅበትን ይመርጣል፤ ለምሳሌ ሰማያዊ መጋረጃ ፊት ለተቀመጠ ሰው በሰማያዊው ቻናል ጀርባው ደማቅ ሆኖ ጸጉሩና ቆዳው ስለሚጨልሙ መለየቱ ይቀላል። የተመረጠውን ንብርብር ቅጂ ወስዶ ጥቁሩን የበለጠ አጥቁሮ፣ ነጩን የበለጠ አንጽቶ፣ የፊቱንና የልብሱን ውስጥ በብሩሽ ሞልቶ ማስክ ያደርገዋል። በዚህ መካከል የሚቀሩት ግራጫ ፒክስሎች አንድም ሳይሞሉ መቆየት አለባቸው፤ አልፋው የሚኖረው እነርሱ ውስጥ ነውና። ሹሩባ የተሠራ ጸጉር ከጎፈሬ ይልቅ ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ዳሩ ጥርት ያለ ስለሆነ በፔን ቱል ሊቆረጥ ይችላል። ስስ ሻሽና ነጠላ ግን ከጸጉርም ይከብዳሉ፤ ጸጉር የሚቀላቀለው በዳሩ ብቻ ሲሆን፣ ስስ ጨርቅ በመላ ስፋቱ የኋላውን ያሳያል። የሐረርጌ ሴቶች በደማቅ ቀለም የሚከናነቡትን ስስ ሻሽ ከግድግዳው ለይቶ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚያስቀምጥ ባለሙያ፣ በሻሹ ውስጥ አልፎ የሚታየው ባሕሩ እንጂ የድሮው ግድግዳ እንዳይሆን የሻሹን ንብርብር ለብቻው ማሳሳት ይኖርበታል። ነጠላ የለበሰችን ሴት በነጭ ጀርባ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ጠርዙን ጭራሽ ያጠፋዋል፤ በሁለት ነጮች መካከል ያለውን ድንበር የሚናገረው ጥበቡና በእጥፋቱ ሥር ያለው ደብዛዛ ጥላ ብቻ ነው።

ሥራውን ሳያስፈልግ የሚያከብደው አንድ ልማድ አለ፤ ደንበኞች ፎቶውን በቴሌግራም እንደ ተራ ምስል መላካቸው ነው። ቴሌግራም እንዲህ ያለውን ምስል አሳንሶና ጨምቆ ይልከዋል፤ ጄፔግ በሚባለው አጨማመቅ ፎቶው 8 በ8 ፒክስል ወደሆኑ ክፍሎች ተከፋፍሎ በየክፍሉ ጥቃቅኑ ዝርዝር ስለሚጣል፣ በጸጉር ዳር የነበረው ስስ ልዩነት ወደ ጭጋግ ይለወጣል። ያንኑ ፎቶ በ«ፋይል» መልክ መላክ እንዳለ ያደርሰዋል።

የሚቆረጠው ምስል ለምን እንደሚውል ማወቅም ተገቢ ነው። ለዓመታት በየከተማው ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ ፎቶ ቤቶችንና ኢንተርኔት ቤቶችን ሲያጣብብ የቆየው የአሜሪካ ዲቪ ሎተሪ ምዝገባ፣ ፎቶው ቢያንስ 600 በ600 ፒክስል፣ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ፣ ጀርባውም ነጭ ወይም ወደ ነጭ የሚጠጋ እንዲሆን ሲጠይቅ፣ የሰውን መልክ የሚለውጥ ማስተካከያን ይከለክላል። እዚህ ላይ ጠርዝ የሕግ ጉዳይ ይሆናል፤ በችኮላ ጀርባ ሲወጣ አብሮ የተቆረጠ የጆሮ ጫፍ ወይም የተሸራረፈ ጸጉር የአመልካቹን መልክ ይለውጣል። ባለሙያው ቢያስብበት፣ እንዲህ ላለው ፎቶ ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያ ነጭ የተቀባ ግድግዳና ደንበኛውን ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ ጥላው ግድግዳው ላይ አያርፍም፣ የሚቆረጥም ነገር አይኖርም። እንደ ፋይዳ ያሉ ምዝገባዎች ፎቶውን በራሳቸው ካሜራ በቦታው ማንሳታቸው ይህን ሐሳብ እስከ መጨረሻው የወሰደ አሠራር ነው።

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ መቁረጥን በአንድ ጠቅታ የሚጨርሱ አገልግሎቶች በኮምፒውተርም በስልክም መጥተዋል። ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ2018 «ሰሌክት ሰብጀክት» የሚል ትእዛዝ ጨመረ፤ ሜታ ኩባንያ በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሞዴል 11 ሚሊዮን ምስሎችና ከአንድ ቢሊዮን በላይ ማስኮች ባሉት ክምችት ሠልጥኗል። እነዚህ ከካኒ ዘዴ የሚለዩት የቀለምን ለውጥ ብቻ ሳይሆን ሰው፣ ወንበርና ዛፍ ምን እንደሚመስሉ ከምሳሌ ስለተማሩ ነው፤ ስለዚህ ጥቁር ኮትን ከጥቁር በር መለየት ይችላሉ። የተማሩት ግን ከታየው ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው ጥናት፣ በገበያ ላይ የነበሩ የፊት መለያ ፕሮግራሞች ቆዳቸው የጠቆረ ሴቶችን ጾታ ሲለዩ ስህተታቸው እስከ 34.7 በመቶ ሲደርስ ቆዳቸው በነጣ ወንዶች ላይ ከአንድ በመቶ በታች እንደነበር አሳይታለች። ጥናቱ ስለ ጠርዝ አልነበረም፤ ሆኖም ጎፈሬን እንደ ኳስ አለስልሶ የሚቆርጥ ወይም የሻሽን ዘርፍ ጀርባ ነው ብሎ የሚጥል ፕሮግራም ያጋጠመው ባለሙያ ጉድለቱ ከየት እንደሚመጣ ለመገመት ይረዳዋል።

ይኸው የጠርዝ ጥያቄ ከፎቶ ቤቱ ውጭ፣ በዙሪያው ባሉት ኮረብታዎች ላይ፣ ከፍ ባለ ገንዘብ እየተጠየቀ ነው። ሐብሮ፣ ዳሮ ለቡ እና ቦኬ በሐረር ቡና የሚታወቁ ወረዳዎች ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋ ሕግ፣ ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ በተደጋጋሚ ቢገፋም፣ ወደ ኅብረቱ የሚገባ ቡና ከታህሳስ 2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ ባልተተከለበት መሬት የበቀለ መሆኑን የሚያሳይ የማሳ አድራሻ ይጠይቃል። ከ4 ሄክታር የሚበልጥ ማሳ ዙሪያው በነጥቦች ተሰምሮ መቅረብ ሲኖርበት፣ ከዚያ ለሚያንሰው አንድ ነጥብ ይበቃል። ዙሪያውን ማስመር ማለት በሳተላይት ወይም በአየር ፎቶ ላይ ነጥብ እየተከሉ መዞር ነው፤ ከፔን ቱል የሚለየው እያንዳንዱ ነጥብ በመሬት ላይ ኬክሮስና ኬንትሮስ ስላለው ነው።

በጸጉር ላይ የታየው መቀላቀልም እዚህ በትልቁ ይደገማል። በነጻ የሚገኘው የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል ፒክስል 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ግማሽ ሄክታር የሆነ አራት ማዕዘን ማሳ በእያንዳንዱ ጎኑ ሰባት ፒክስል ያህል፣ በድምሩ ወደ 49 ፒክስል ይይዛል፤ ከእነዚህ ውስጥ 24ቱ በዳር ላይ ያሉ ናቸው። የማሳው ግማሽ ያህል እንግዲህ ከጎረቤት ጋር የተቀላቀለ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከዚህ በላይ ቡናው ብቻውን አይተከልም፤ በላዩ ዋንዛ ያጠላዋል፣ በመካከሉ በቆሎ ወይም ጫት ይገባል፣ ከላይ የሚያየው ሳተላይት የዋንዛውን አናት እንጂ የቡናውን ቅጠል አያገኝም። የዛፉ ጥላ ጎረቤት ማሳ ላይ ስለወደቀ ማሳው እስከዚያ አይደርስም፤ ስሌቱ ግን ይህን አያውቅም።

በኦሮሚያ፣ በአማራ፣ በትግራይና በደቡብ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2021 በብሪታንያ ድጋፍ የተካሄደው የመሬት ማረጋገጫ ፕሮግራም ለእንዲህ ያለው የድንበር ጥያቄ ያገኘው መልስ ወረቀት ነበር። ከአውሮፕላን ወይም ከሳተላይት የተነሳውና የተስተካከለው ፎቶ በትልቁ ታትሞ ወደ መስክ ይወሰዳል፤ ባለይዞታውና አዋሳኞቹ ባሉበት የመስክ ሠራተኛው ድንበሩን በፎቶው ላይ በእጅ ያሰምራል፤ መስመሩ በኋላ በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ነጥብ በነጥብ ይገለበጣል። በቅንጭብ አጥር የተለየ ድንበር በፎቶው ላይ ሁለት ሦስት ሜትር ስፋት ያለው አረንጓዴ ሰረዝ ሆኖ ይታያል፤ መስመሩ በመካከሉ ይለፍ ወይስ በአንደኛው ዳር የሚለውን የሚመልሱት ሁለቱ ጎረቤቶች ናቸው። ተሰምሮ ያለቀው ካርታም የምስክር ወረቀት ከመሰጠቱ በፊት በቀበሌው ለሕዝብ ዕይታ ይለጠፋል፤ ቅሬታ ከቀረበና ተቀባይነት ካገኘ ነጥቦቹ ተነቅለው መስመሩ እንደገና ይሰመራል።